አሮጌው የእንግሊዝ የአደን ጠመንጃ ስለ ምን ከአዲሱ ይልቅ ይወደዳል?

ከአንድ የንግድ ቤት ጸሐፊ

አባቶቻችን ለጠመንጃ ስም ሲያወጡ ሩቅ አልሄዱም። የሠሪውን ወይም የተሠራበትን አገር ስም ሰምተው፣ በአማርኛ ጠባይ አለዝበው ጠሩት። በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር እስከ መቅደላ የዘለቀው የስናይደር ጠመንጃ «ሰናድር» ተባለ፤ የፈረንሳዩ ፉዚል ግራ «ውጅግራ»፣ ለበል «ለበን»፣ ማንሊከር «ምንሽር»፣ በቤልጅግ አገር የተሠራው ደግሞ «ቤልጅግ» ሆነ። ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ «ማን ሠራው?» ብሎ ይጠይቅ ነበርና የሠሪው ስም ከዕቃው ጋር አብሮ ተሸጠ። ይህ ጥያቄ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት ለሚፈልግ ነጋዴ፣ ከእንግሊዝ አገር አሮጌ የአደን ጠመንጃ ገበያ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አያገኝም።

ነገሩ በመጀመሪያ እንግዳ ይመስላል። ልማዳችን እንደሚያስተምረን፣ ዕቃ ከሱቅ በወጣ ማግስት ዋጋው ይቀንሳል፤ ሲያረጅ ይረክሳል፤ በመጨረሻም በሚዛን ይሸጣል። ዛሬ በፋብሪካ የሚሠራው የአደን ጠመንጃ ዋጋው መጠነኛ፣ አተኳኮሱ የቀና፣ እርጥበትንም የሚችል ነው። እንዲህም ሆኖ ሳለ ከመቶ ዓመት በፊት በሎንዶን ወይም በበርሚንግሃም የተሠራ አንድ ጥሩ ጠመንጃ በሐራጅ ሲቀርብ የብዙ አዳዲስ ጠመንጃዎችን ዋጋ ያወጣል። ምክንያቱ እርጅናው ብቻ ነው እንዳይባል፣ በዚያው ዘመን የተሠሩ ሌሎች ብዙ ጠመንጃዎች እስከ ዛሬ በርካሽ ይሸጣሉ።

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስታውስ። ጠመንጃ እንደ ሰሐንና እንደ አቡጀዲ በመደርደሪያ የሚዘረጋ ዕቃ አይደለም። በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177፣ መያዙንም ሆነ መነገዱን ከመንግሥት ፈቃድ ጋር አያይዞታል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ማንንም ወደዚህ ንግድ የሚጋብዝ አይደለም፤ በውስጡ ለማናቸውም ነጋዴ የሚሆን ትምህርት ስላለበት ብቻ የቀረበ ነው። ከዚህ ከአዋጁ ዓመት በቀር በጽሑፉ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስመ ጥሩዎቹ ቤቶች

የጆን ሪግቢ ቤት በ1775 በደብሊን ከተማ ተቋቁሞ፣ በ1865 በሎንዶን ሱቅ ከፈተ። ዌስትሊ ሪቻርድስ በ1812 በበርሚንግሃም፣ ጄምስ ፐርዲ በ1814 በሎንዶን፣ የሆላንድና ሆላንድ ቤት መነሻ የሆነው ሱቅ ደግሞ በ1835 በዚያው በሎንዶን ተመሠረቱ። የዚህ የመጨረሻው ቤት መሥራች ሃሪስ ሆላንድ አስቀድሞ የትምባሆ ነጋዴ ነበር። ከጠመንጃ ሠሪ ቤት አልተወለደም፤ ነገር ግን ገዢው የሚሻውን የሚለይ ነጋዴ ነበር፤ የወንድም ወይም የእኅት ልጁን ሄንሪን አሠልጥኖ ከጎኑ ባሰለፈ ጊዜ ሁለቱ ሆላንዶች አንድ ስም ሆኑ።

የእነዚህ ቤቶች ደንበኞች በስኮትላንድ ተራሮች አጋዘን የሚያድኑ መኳንንት፣ በሕንድና በአፍሪካ ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት ሹማምንት፣ መኰንኖችና የእርሻ ባለቤቶች ነበሩ። በ1899 እና በ1900 በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ አገራችንን የዞረው አዳኙ ፐርሲ ፓወል ኮተን ከእንደዚህ ያሉት ተጓዦች ወገን ነው፤ ያጠራቀማቸው አራዊት ዛሬም በእንግሊዝ አገር በኬንት አውራጃ ባለው ሙዚየሙ ይታያሉ። እንዲህ ያለው ገዢ ጠመንጃው ቢበላሽበት በአቅራቢያው ጠጋኝ አያገኝም፤ በዝሆን ወይም በጎሽ ፊት ቆሞ ጥይቱ ቢከሽፍበት ደግሞ ዕቃውን ለመመለስ ወደ ሱቅ የሚሄድበት ዕድሜ አይኖረውም። ዋጋውን የወሰነው ከሁሉ በፊት ይህ ፍርሃት ነው።

ሻጮቹም ስም ማውጣትን ያውቁበት ነበር። ፐርዲ በ1856 ፈጣን ጥይት የሚተኩሰውን ጠመንጃውን «ፈጣን ባቡር» ብሎ ሰየመው፤ በዚያ ዘመን ባቡር የፍጥነት ሁሉ ምሳሌ ነበረና። «ኤክስፕረስ» የሚለው ስም ከዚህ ወጥቶ የመላው ንግድ ቃል ሆነ። በ1898 ሪግቢ ጭስ በሌለው በአዲሱ ባሩድ የሚሠራውን «450 ናይትሮ ኤክስፕረስ» ሲያወጣ ስሙን ከዚያው ከባቡሩ ወረሰ።

የእጅ ሥራው

ባለ ሁለት አፈሙዙ የአደን ጠመንጃ የዚህ ሙያ ቁንጮ ነው። ሁለቱ አፈሙዞች ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ፣ አንዱ ሲተኮስ ጠመንጃውን ወደ አንድ ወገን፣ ሌላው ሲተኮስ ወደ ሌላው ወገን ይገፋዋል። ሁለቱ ጥይቶች በተወሰነው ርቀት ላይ አንድ ስፍራ እንዲያርፉ የሚያደርገው ባለሙያ አስቀድሞ ይተኩሳል፤ ዒላማውን ያያል፤ ብየዳውን በእሳት ያላላል፤ በአፈሙዞቹ መካከል ያለችውን ትንሽ ሽብልቅ ወደ ውስጥ ይገፋል ወይም ወደ ውጭ ይስባል፤ እንደ ገና ይበይዳል፤ እንደ ገና ይተኩሳል። ጥይቶቹ እስኪገናኙ ድረስ ይህን ይደጋግማል።

እንጨቱም እንዲሁ ነው። ዋልነት ከሚባለው ዛፍ የተጠረበውን ሰደፍ ከብረቱ ጋር የሚያገጣጥመው ሠራተኛ ብረቱን በመብራት ጥላሸት ያጠቁረዋል፤ ከእንጨቱ ጋር ይጫነዋል፤ ከዚያም ጥላሸት የነካውን ስፍራ ብቻ በመሮ ይልጋል። እንጨትና ብረት ፀጉር እንኳ በመካከላቸው እስከማያልፍ ድረስ ሲገጥሙ ሥራው ተፈጸመ ይባላል። በአንድ ምርጥ ጠመንጃ ላይ ብዙ መቶ የሥራ ሰዓት ይፈስሳል።

ዳሩ ግን እጅ ብቻውን አልበቃም፤ ብልሃትም ተጨመረበት። በዌስትሊ ሪቻርድስ ቤት አንሰንና ዲሊ የተባሉት ሰዎች በ1875 የመተኮሻውን ሥራ በጥቂት ክፍሎች የሚፈጽም አሠራር አወጡ። ይኸው ቤት በ1897 ደግሞ መተኮሻውን ያለ መፍቻ በእጅ ብቻ የሚያወጡበትን ዘዴ ፈለሰፈ። ከዚህም በኋላ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው መለዋወጫ መተኮሻ በሣጥኑ ይዞ ይጓዝ ዘንድ ቻለ። ሪግቢም ሁሉን በራሱ ልሥራ አላለም፤ የጀርመኑን የማውዘርን መዝጊያ አስመጥቶ የእንግሊዝ አፈሙዝና ሰደፍ እየገጠመለት ሸጠ። አስመጪዎች ልብ ይበሉ! የውጭ አገር ዕቃ ባመጣው ነጋዴ ስም የከበረበት አንዱ ምሳሌ ይህ ነው።

ሠሪም ገዢም ያልሆነ ምስክር

ሠሪ ሥራውን ቢያመሰግን ማንም አይደነቅም። የእንግሊዝ ጠመንጃ ግን ከሠሪው ውጭ የሆነ ምስክር አለው። የሎንዶን ጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር በ1637 ከንጉሡ ቻርተር ተቀብሎ አፈሙዝ የመፈተን ሥልጣን አገኘ፤ በበርሚንግሃም ደግሞ በ1813 በፓርላማ ሕግ የፈተና ቤት ተቋቋመ። የፈተናው አሠራር ቀላልና ጨካኝ ነው፤ ጠመንጃው በልማድ ከሚጎርሰው በጣም የበለጠ ኃይል ባለው ጥይት ይተኮሳል። ቢፈነዳ ወይም ቢያብጥ ኪሣራው የሠሪው ነው፤ ቢችል ማኅተም ይመታበታል። ያልተፈተነ ጠመንጃ መሸጥ በሕግ ያስቀጣል።

በትልልቆቹ የአደን ጠመንጃዎች አፈሙዝ ላይ የሚገኘው ማኅተም «ተፈትኗል» በማለት ብቻ አያበቃም፤ የባሩዱንና የጥይቱን መጠን ጭምር ይናገራል። ለምሳሌ በአንድ 450 ናይትሮ ኤክስፕረስ ላይ 70 እና 480 የሚሉ ቁጥሮች ቢታዩ፣ 70 ግሬን ኮርዳይት ባሩድና 480 ግሬን ማለት 31 ግራም ያህል የሚመዝን እርሳስ የመጨረሻው ልክ ነው ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ጠመንጃውን የሚያነሣ እንግዳ ሰው፣ ሠሪው ቢሞትም ሻጩ ቢዋሽም፣ ይህን ከብረቱ ላይ ያነባል።

የሠሪው መዝገብ

ከሁሉ ይልቅ እኔን ጸሐፊውን የማረከኝ ግን መዝገቡ ነው። በእያንዳንዱ ጠመንጃ ላይ ተራ ቁጥር ተቀርጿል፤ በሠሪው ቤት መዝገብም በዚያው ቁጥር አንጻር ምን ዓይነት ጠመንጃ እንደ ሆነ፣ ለማን እንደ ተሠራና መቼ እንደ ተሰጠ ተጽፏል። ዛሬም ባለ ጠመንጃው ቁጥሩን ጠቅሶ ቢጠይቅ፣ ስመ ጥሩዎቹ ቤቶች መዝገባቸውን አገላብጠው የምስክር ደብዳቤ በክፍያ ይሰጡታል። ያ አንድ ገጽ ወረቀት የጠመንጃውን ዋጋ ብዙ ከፍ የሚያደርግበት ጊዜ አለ። የአያቶቻቸው ጸሐፊዎች በብዕር የጻፉት መስመር ለልጅ ልጆቻቸው ዕለት ዕለት ገንዘብ ያመጣል ማለት ነው።

ምሳሌ ልጥቀስ። በ1907 ጂም ኮርቤት የተባለው አዳኝ በሰሜን ሕንድ በቻምፓዋት አካባቢ 436 ሰዎችን ገድላለች የምትባለውን ታይገር የተሰኘች የሕንድ ነብር ገደለ። የአውራጃው ገዢ ሰር ጆን ሂዌት በዋጋው አንድ የሪግቢ 275 ጠመንጃ ሸለመው። ጠመንጃው ወርቅ ያልፈሰሰበት፣ ለሥራ ብቻ የተሠራ ተራ ዕቃ ነው፤ በሰደፉ ላይ ግን የስጦታውን ምክንያት የሚናገር ትንሽ የብር ጽላት አለበት። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሪግቢ ራሱ ይህን ጠመንጃ መልሶ ገዝቶ እንደ ቅርስ ያዘው። እንዲሁም የአሜሪካው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ የያዘው የዌስትሊ ሪቻርድስ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ በ2011 በአሜሪካ በሐራጅ ሲሸጥ ከ300 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ አወጣ። የማን እንደ ነበረ በማስረጃ ባይታወቅ ኖሮ ገዢዎቹ ለብረቱና ለእንጨቱ ብቻ ይከራከሩ ነበር።

ጥይት የሌለው ጠመንጃ

ይሁን እንጂ ስምም መዝገብም የማያድኑት አንድ አደጋ አለ፤ እርሱም የጥይት መጥፋት ነው። ጥይት የሌለው ጠመንጃ፣ ክር እንደሌለው የልብስ ስፌት መኪና ነው።

ሕግ ገበያን እንዴት እንደሚለውጥ አስቀድሞ የታየው በ1907 ነበር። በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት 450 ስፋት ያለው ጥይት ወደ አገሩ እንዳይገባ ከለከለ፤ በአማፅያን እጅ የነበረው የማርቲኒ ሄንሪ የጦር ጠመንጃ ስፋቱ ይኸው ስለ ነበረ ጥይቱ ለዚያ እንዳይውል ተፈርቶ ነው። ጠመንጃ ሠሪዎቹ ግን ሱቃቸውን አልዘጉም። ሆላንድ 465፣ ሌሎቹም 470ንና 475ን ለገበያ አቀረቡ፤ ሕጉን አክብረው ደንበኛቸውን አላጡም።

ሁለተኛው አደጋ ከዚህ የከበደ ነበር። የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ነፃነታቸውን ሲያገኙ የቀድሞዎቹ ደንበኞች ተበተኑ፤ ኋላም ሕንድ በ1972 ባወጣችው ሕግ፣ ኬንያም በ1977 አደንን ዘጉ። ይህም የተገባ ነበር። ካራሞጃ ቤል የተባለው አዳኝ ብቻውን ከ1,000 በላይ ዝሆኖችን የገደለበት ዘመን ለአዳኙ ዝና፣ ለዱሩ ግን ጥፋት እንደ ሆነ ዛሬ የማይገባው የለም። ትልልቆቹን ጥይቶች ይሠራ የነበረው የካይኖክ ፋብሪካም በ1960ዎቹ ዓመታት ገበያው ስለ ጠበበ አንዱን ዓይነት ከሌላው በኋላ እያቋረጠ ሄደ። ያን ጊዜ ባለ ዝናው ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ረከሰ፤ ማኅተሙም መዝገቡም ሳይለወጥ ጥይቱ ስለ ጠፋ ብቻ ገዢ አጣ።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ ትንንሽ ሠሪዎች፣ ከእነርሱም በኋላ የአሜሪካ ትልልቅ ፋብሪካዎች የ470ንና የመሳሰሉትን ጥይቶች እንደ ገና ማምረት ሲጀምሩ፣ ዋጋው ከወደቀበት ተነሣ። በአንጻሩ ሆላንድ በ1912 ያወጣው 375 ማግነም ጥይቱ በልዩ ልዩ አገሮች ፋብሪካዎች ሳይቋረጥ ስለ ተሠራ፣ ጠመንጃው ከሥራ ሳይወጣ እስከ ዛሬ ደርሷል። መለዋወጫና ማሟያ ዕቃ የዋናው ዕቃ ሕይወት ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ገዢው የሚጠነቀቅበት

ዋጋ ባለበት ሁሉ ማታለል አይጠፋም። ስለዚህ አዋቂ ገዢ ከስሙ በፊት ሌሎች ነገሮችን ይመረምራል።

መጀመሪያ፣ በጠመንጃው ላይ የተጻፈው ስም የሠሪው ላይሆን ይችላል። በእንግሊዝ አገር ብዙ ባለ ሱቆች ከበርሚንግሃም ሠራተኞች ገዝተው የራሳቸውን ስም ያስቀርጹ ነበር። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ሥራው ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን የተለየ ነው። ኋላ የተቀረጸ የሐሰት ስም ግን ነውር ነው፤ የሚጋለጠውም ተራ ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር ሲነጻጸር ነው።

ሁለተኛ፣ የአፈሙዙ ውስጥ መታየት አለበት። የድሮው ጥይት መለኮሻ እርጥበት የሚስብ ጨው ይተው ነበርና፣ ባለቤቱ በዚያው ቀን ካላጠበው ብረቱ ይበላል። ውጭው እንደ መስተዋት እያበራ ውስጡ የተበላ ጠመንጃ ብዙ ነው።

ሦስተኛ፣ ለእኛ ባለ ሱቆች እንግዳ የሚመስለው ነገር ማሳደሱ ነው። እኛ አሮጌ ዕቃ ለገበያ ስናወጣ እንወለውላለን፣ ቀለም እንቀባለን። በዚህ ንግድ ግን ብረቱን የሞረደ፣ ቅርጹን ያደበዘዘ፣ እንጨቱን በአዲስ ቀለም የሸፈነ ሰው ዋጋውን በገዛ እጁ ይቀንሳል። የቀድሞውን ስፋት አስፍቶ ለሌላ ጥይት የለወጠውም እንዲሁ ነው። ገዢው የሚፈልገው ከሠሪው እጅ የወጣውን ነው፤ ጭረት ቢኖርበት እንኳ በሐቅ የመጣ ጭረት ይሻለዋል።

ስሙ ራሱም የሚገዛና የሚሸጥ ዕቃ ሆኗል። ሪግቢ በ1997 ተሸጦ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግሮ ነበር፤ በኋላ ግን ወደ ሎንዶን ተመለሰ። ሆላንድና ሆላንድን ሻኔል የተባለው የፈረንሳይ ቤት በ1989 ገዝቶ ከያዘው በኋላ፣ በ2021 የኢጣሊያው ቤሬታ ወሰደው። የገዙት ግድግዳውንና መሞረጃውን ብቻ አልነበረም፤ ከሁሉ በላይ ስሙንና መዝገቡን ነው።

ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት

ይህን ሁሉ ስጽፍ የራሴን ጥፋት ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። የምሠራበት ንግድ ቤት መጋዘን በለወጠ ጊዜ፣ ቦታ ጠበበ ብዬ የድሮ የሽያጭ መዝገቦችን በሦስት ጆንያ አስወጥቼ፣ ለመጠቅለያ ለሚገዛ ባለ ሱቅ በኪሎ ሸጥኋቸው። አሠሪዬንም አላማከርኋቸውም። ገንዘቡ ለአንድ ቀን ምሳ እንኳ አልበቃም።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ከገጠር መጡ። ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ከቤታችን የእንግሊዝ አገር የወፍጮ ሞተር ገዝተው ኖሮ፣ አንድ ክፍሉ ተሰብሮባቸዋል። የሞተሩ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ተፍቆ አይነበብም፤ ከፋብሪካው መለዋወጫ ለማዘዝ ግን ቁጥሩ የግድ ነው። «ልጄ፣ ደረሰኜ በቤት ቃጠሎ ጠፋ፤ እናንተ ዘንድ ግን መዝገቡ አይጠፋም ብዬ መጣሁ» አሉኝ። መዝገቡ በርበሬና አብሽ ተጠቅልሎበት ካለቀ ቆይቷል። በግምት ያስመጣንላቸው ክፍል አልገጠመም። ወፍጮው አንድ ክረምት ሙሉ ቆሞ ከረመ፤ በመጨረሻም ሽማግሌው ሞተሩን ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ሸጠው ሌላ ገዙ። የገዙት ግን ከእኛ ቤት አልነበረም። አሠሪዬ አልተቆጡኝም፤ «ስማችንን በኪሎ ሸጥሽው» ብለው ብቻ ዝም አሉ።

እንግዲህ የሎንዶን ጠመንጃ ሠሪዎች ከእኔ በምን በለጡ? በዕውቀትም በገንዘብም ቢበልጡም፣ በዚህ ነገር የበለጡኝ መዝገባቸውን ባለመጣላቸው ነው። የተሸጠ ዕቃ ከሱቅ ሲወጣ ከእኛ የተለየ ይመስለናል፤ እርሱ ግን በሄደበት ሁሉ ስማችንን ይዞ ይኖራል። ቡና ላኪዎቻችንም ይህን አሁን በግድ እየተማሩት ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ጥበቃ ደንብ ቡናው የበቀለበት ማሳ ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃልና። ሌላው በግድ የሚያስጽፈንን እኛ በፈቃዳችን ብንጽፈው ትርፉ የራሳችን ነው።

ስለዚህ ለሙያ ጓደኞቼና ለአሠሪዎቻቸው የምለው ጥቂት ነው። ቁጥር ያለውን ዕቃ በቁጥሩ መዝግቡ፤ የገዢውን ስምና ቀኑን ጻፉ፤ ደረሰኙን ቅጂ አስቀሩለት። ዋናውን ዕቃ ስታስመጡ መለዋወጫውን አብራችሁ እዘዙ፤ የሌለው ከሆነም ለገዢው ሳትደብቁ ንገሩት። ጉድለት ያለበትን ዕቃ በቀለም አትሸፍኑ። ቦታ ቢጠብባችሁም ከመዝገቡ በፊት ሌላውን አውጡ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአገራችን ብሂል ለካህንና ለዳኛ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለነጋዴም ነው።